ኤሲው የሚቆራረጠው ስንት ሰዓት ላይ ነው?

የቤት ኤሲ ሲበላሽ ሁልጊዜ ጭጭ ብሎ አይቀርም። ይነሳል፣ ሦስት አራት ደቂቃ ይሠራል፣ ይጠፋል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይነሳል። ቀዝቃዛ አየር ስለሚሰጥ ተበላሸ ለማለትም አያስደፍርም። ባለቤቱ ነገሩን ልብ የሚለው የመብራት ሂሳቡ ሲያብጥ ወይም ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሎ ሲያርፈው ነው። ድሬዳዋም ሆነ ሰመራ፣ ጋምቤላም ሆነ ጅቡቲ፣ ባሕር ማዶም ዱባይና ሂውስተን ለሚኖር ሰው በሙቀት ወራት ይህ የተለመደ ችግር ነው።

ባለሙያ ከመጥራት በፊት መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፤ የሚቆራረጠው ስንት ሰዓት ላይ ነው? አየሩ ለዘብ ሲል፣ ሌሊትና ማለዳ ከሆነ ምክንያቱ አንድ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ጊዜ ከሆነ ሌላ ነው። ሰዓት የማይመርጥ ከሆነ ደግሞ ሦስተኛ ምክንያት ይኖራል። ይህን ሳይለዩ ብር ማውጣት ከጀመሩ ማብቂያ የለውም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋው የቱ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የውስጡ ክፍል ማራገቢያ አብዛኛውን ጊዜ አይቆምም፤ አየሩን ማንፈሱን ይቀጥላል። የሚቆመው ውጭ ያለው ኮምፕሬሰር ነው። ስለዚህ ሶፋ ላይ ተቀምጦ መፍረድ አይቻልም። በረንዳ ወጥቶ ሰዓት ይዞ ማዳመጥ ነው። ኢንቨርተር ያልሆነ ኤሲ፣ ማለትም ወይ በሙሉ ኃይሉ የሚሠራ ወይ ጨርሶ የሚቆም ዓይነት፣ ሙቀቱ መካከለኛ በሆነበት ሰዓት አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ሠርቶ ያንኑ ያህል ቢያርፍ ጤነኛ ነው። በሰዓት ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ይነሳል ማለት ነው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላው እየቆመ በሰዓት ስምንት አሥር ጊዜ የሚነሳ ከሆነ ግን አንድ ነገር አለበት።

በተቃራኒው፣ በዓመቱ እጅግ ሞቃት በሆነው ቀን እኩለ ቀን ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳያርፍ የሚሠራውን ኤሲ ብዙ ሰው "አቅቶታል" ይለዋል። አላቃተውም። በልኩ የተመረጠ ማሽን የሚታወቀው እንዲያውም በዚህ ነው፤ ሙቀቱ በከፋበት ሰዓት ያለ ዕረፍት ሠርቶ ክፍሉን በተፈለገው ዲግሪ ያቆያል። በዚያ ሰዓት ሩብ ሰዓት ሠርቶ ሩብ ሰዓት የሚያርፍ ማሽን ሌሊት ላይ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ነገሩን ለመረዳት የማሽኑን አሠራር በመጠኑ ማወቅ ይበቃል። ኤሲ ቅዝቃዜ አይሠራም፤ ከቤት ውስጥ ሙቀት አንስቶ ውጭ ይጥላል። ሙቀቱን የሚሸከመው በመዳብ ቱቦ ውስጥ የሚዞረው ጋዝ ነው። ጋዙ በውስጡ ክፍል ፈሳሽ ሆኖ ገብቶ ሲተን ሙቀት ይጠጣል፤ ኮምፕሬሰሩ ጨምቆ ግፊቱንና ሙቀቱን ከፍ ያደርገዋል፤ በውጭው ክፍል ደግሞ ሙቀቱን ለአየር አስረክቦ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት ነገር አለ። ጋዙ ሙቀቱን ለውጭው አየር ማስረከብ የሚችለው ከአየሩ በላይ ከሞቀ ብቻ ነው። ውጭው 40 ዲግሪ ከሆነ የውጭው ኮይል፣ ማለትም ጋዙ የሚዞርበት የተጠማዘዘ ቱቦ፣ 50 እና ከዚያ በላይ መድረስ አለበት። ዛሬ በብዛት ከሚሠራባቸው ጋዞች አንዱ የሆነው አር410ኤ በ50 ዲግሪ ግፊቱ 30 ባር ገደማ ነው። የቀድሞው አር22 በዚያው ሙቀት 19 ባር አካባቢ ነበር። ቆላ ውስጥ የሚሠራ ኤሲ እንግዲህ ሁልጊዜም ከአቅሙ ጣሪያ ብዙም ሳይርቅ ነው የሚሠራው።

ወደ ሌሊቱ እንመለስ። አየሩ ሲለዝብ የሚቆራረጥ ኤሲ በአብዛኛው ሕመሙ ትልቅነቱ ነው። ይህን ለሰው ማስረዳት ከባድ ነው፤ በሞቃት አገር ገንዘብ ያለው ሁሉ ትልቁን ይገዛልና። የኤሲ አቅም የሚለካው በቢቲዩ ነው፤ ገበያው ላይ 9,000፣ 12,000፣ 18,000 እና 24,000 የተለመዱ ናቸው። 12,000 ቢቲዩ "አንድ ቶን" ይባላል፤ ስያሜው በበረዶ ይቀዘቀዝ ከነበረበት ዘመን የቀረ ነው። አንድ የአሜሪካ ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲቀልጥ የሚጠጣው ሙቀት ማለት ሲሆን፣ በኪሎዋት ሲቆጠር ሦስት ተኩል ይሆናል።

አንድ መኝታ ቤት እንውሰድ፤ 4 በ3 ሜትር፣ ቁመቱም 3 ሜትር። 36 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በድሬዳዋ ከፍታና ሙቀት ይህ አየር ቢመዘን ከ36 ኪሎ ግራም ብዙም አይርቅም። ባለ 24,000 ቢቲዩ ማሽን ሙቀት የሚያወጣው በ7 ኪሎዋት ነው። ይህ ጉልበት አየሩ ላይ ብቻ ቢያርፍ አንድ ዲግሪ ለማውረድ ስድስት ሰከንድ አይፈጅበትም። ታዲያ ማሽኑ ምን ያደርጋል? አየሩን በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ከተፈለገው ዲግሪ በታች ያወርድና "ጨርሻለሁ" ብሎ ይቆማል። ብሎኬቱ፣ ጣሪያው፣ ፍራሹ፣ ቁም ሣጥኑ ግን ገና አልቀዘቀዙም። ቶኖች የሚመዝነው ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ ውሎ ሌሊት ያንን ሙቀት መልሶ ይተፋል፤ አየሩ ወዲያው ይሞቃል፤ ማሽኑ ይነሳል። እንዲህ ሲል ያድራል። የተኛው ሰው አንዴ ብርድ ልብስ ይስባል፣ አንዴ ይገፋል። 12,000 ቢቲዩ ያለው ማሽን ቢገጠም ኖሮ ረዘም እያለ ሠርቶ ግድግዳውንም ያቀዘቅዝ ነበር።

መጠኑን የሚያዛባው ደግሞ አመራረጡ ነው። ሱቅ ገብቶ "ለአንድ ክፍል የሚሆን" ይባላል፤ ሻጩ "ድሬ ነው? እንግዲያውስ ትልቁን ይውሰዱ" ይላል። የክፍሉ ጣሪያ ቆርቆሮ ይሁን ስላብ፣ ኮርኒስ ይኑረው አይኑረው፣ መስኮቱ ወደ ምዕራብ ይይ ወይም አይይ የሚጠይቅ የለም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው መስኮትና ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ የአንድን ክፍል የሙቀት ጫና በእጅጉ ሊያንሩት ይችላሉ። አሜሪካም የተሻለ አይደለም። ሙያው የሚያዘው የቤቱን ግድግዳ፣ መስኮትና አየር ማስገቢያ አንድ በአንድ ቆጥሮ ማስላት ሲሆን፣ ለዚሁ የወጣ ማኑዋል ጄ የሚባል መመሪያ አለ። ብዙው ተቋራጭ ግን ለ500 ስኩዌር ፊት አንድ ቶን በሚል የአፍ ልማድ ይመድባል፤ ስጋት ስለሚይዘውም ግማሽ ቶን ይጨምርበታል። ማሽን አነሰ ብሎ የሚደውል ደንበኛ እንጂ በዛ ብሎ የሚደውል የለማ።

ሌሊት መቆራረጡ በድሬዳዋ ደረቅ አየር እንቅልፍ ከመረበሽና ሂሳብ ከማናር ብዙም አያልፍ ይሆናል። ጅቡቲ ወደብ አካባቢ፣ ክረምት ላይ ጋምቤላ፣ ወይም ሂውስተን ከሆነ ግን ሌላ ጣጣ ይከተላል፤ እሱም እርጥበት ነው። ኤሲ ከማቀዝቀዝ እኩል ሥራው አየሩን ማድረቅ ነው። እንዲያውም ዊሊስ ካሪየር እ.ኤ.አ. በ1902 ብሩክሊን ውስጥ ለአንድ ማተሚያ ቤት ዘመናዊውን ኤሲ የነደፈው ሰው ሞቀው ብሎ አልነበረም፤ በእርጥበት ምክንያት ወረቀቱ እየሰፋና እየጠበበ ቀለም ስላስቸገረ ነው። እርጥበት የሚወጣው አየሩ በቀዘቀዘው ኮይል ላይ ሲያልፍ ጤዛ ሆኖ ሲንጠባጠብ ነው። ኮይሉ እስኪቀዘቅዝ፣ ጤዛው እስኪጠራቀም፣ ከዚያም በቱቦው መውረድ እስኪጀምር ደቂቃዎች ያልፋሉ። ሦስት ደቂቃ ሠርቶ የሚቆም ማሽን ኮይሉን አርጥቦ ብቻ ይቀራል። ኮምፕሬሰሩ ቆሞ ማራገቢያው ሲቀጥል ደግሞ ያ ውሃ ተመልሶ ተንኖ ወደ ክፍሉ ይገባል። የፍሎሪዳ የፀሐይ ኃይል ማዕከል ተመራማሪዎች ይህን በሙከራ ለክተው አሳይተዋል፤ ማራገቢያው ያለማቋረጥ ሲሠራና ኮምፕሬሰሩ ሲቆራረጥ የማድረቁ ሥራ ከሞላ ጎደል ከንቱ ሊሆን ይችላል። ውጤቱ ቀዝቃዛ ግን ወባቂ ቤት ነው። አንሶላው እንደ ረጠበ ይሰማል፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ጫማ ይሻግታል፤ ሰውም ዲግሪውን ይበልጥ ይቀንሳል፣ ነገሩም ይበልጥ ይብሳል።

ትልቅ ሳይሆን ትልቅ የሚመስልም አለ። ስፕሊት በሚባለው ኤሲ የክፍሉን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር የሚገኘው በራሱ በውስጡ ክፍል፣ አየር በሚስብበት በኩል ከፊልተሩ ኋላ ነው። ከማሽኑ ፊት ለፊት ቁም ሣጥን ካለ፣ ወይም ወፍራም መጋረጃ ከተንጠለጠለበት፣ የወጣው ቀዝቃዛ አየር ክፍሉን ሳይዞር እዚያው ተመልሶ ይሳባል። ሴንሰሩም ክፍሉ የቀዘቀዘ ይመስለውና ያስቆመዋል። አልጋው ጋ ወበቅ፣ ማሽኑ ጋ ውርጭ። መፍትሔው ቁም ሣጥኑን መግፋት ነው፤ ይህን ለማድረግ ቴክኒሻን አያስፈልግም። አሜሪካ ባሉ ቤቶች ደግሞ ሴንሰሩ ኮሪደር ላይ በተገጠመው ቴርሞስታት ውስጥ ነው። ቀዝቃዛ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ በቀጥታ ከነፈሰበት ያው ነገር ይደርሳል።

አሁን ወደ ቀኑ 8 ሰዓት። ማለዳ ደኅና የነበረ፣ ማታም ደኅና የሚሆን ኤሲ ፀሐይ ስትበረታ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ የውጭው ክፍል ሙቀቱን መጣል አቅቶታል ማለት ነው። ራሱን ለማዳን ነው የሚቆመው። ኮይሉ አልቀዘቅዝ ሲል ግፊቱ ይወጣል፤ የአር410ኤ ጋዝ 65 ዲግሪ ሲደርስ ግፊቱ ከ40 ባር ያልፋል። የግፊት መከላከያ ያላቸው ማሽኖች የሚያቋርጡት እዚያ አካባቢ ነው። ይህ መከላከያ በሌላቸው ትናንሽ ማሽኖች ደግሞ ኮምፕሬሰሩ ላይ የተለጠፈ፣ ሲሞቅ የሚታጠፍ የብረት ማቋረጫ አለ። ሁለቱን በዕረፍት ጊዜያቸው መለየት ይቻላል። የግፊት መከላከያ ሲሆን ግፊቱ ወርዶ በጥቂት ደቂቃ ይመለሳል። የሙቀት ማቋረጫው ግን ያ ሁሉ ብረት እስኪበርድ ስለሚጠብቅ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊያቆየው ይችላል። ሰውየው "ሞተ" ብሎ ተስፋ ሲቆርጥ ማሽኑ ይነሳል፤ ለጥቂት ደቂቃ።

ሙቀቱን መጣል ለምን ያቅተዋል? ከድሬዳዋ ሰፈሮች ከዚራ ወይም ሳቢያን ውስጥ በአንድ መንገድ እየሄዱ ቀና ብሎ ማየት ይበቃል። የውጭው ክፍል ሌባ እንዳይወስደው በብረት ፍርግርግ ታስሯል፤ ፍርግርጉ ላይ ደግሞ ፀሐይ እንዳይመታው ቆርቆሮ ወይም የሸራ ቁራጭ ተደርጎበታል። ከኋላው ግድግዳው ጋር ተጣብቋል። ከፊቱ የጎረቤት ማሽን ትኩስ ትንፋሹን ይለቅበታል። ፍርግርጉም ጥላውም በራሳቸው ክፋት የላቸውም፤ ክፋቱ ማሽኑ የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ እንዲስብ ማድረጋቸው ነው። ማሽኑ ለራሱ የፈጠረው አየር 50 ዲግሪ ከሆነ የከተማው ሙቀት 36 መሆኑ አይጠቅመውም። ጥላ ጥሩ ነው፤ ከላይ ራቅ ብሎ፣ ፊትና ኋላው ክፍት ሆኖ።

ከዚያ አቧራው አለ። የውጭው ኮይል እንደ ወረቀት የሳሱ የአሉሚኒየም ቅጠሎች በጥብቅ የተደረደሩበት ነው። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ፣ የመንገድ አቧራና የጥጥ ብናኝ ተቀላቅለው በመካከላቸው ሲጋገሩ ከፊት ሲያዩት ምንም የለበትም፤ ቆሻሻው ያለው አየር በሚስብበት በጀርባው በኩል ነው። እጅ ወደ ኋላ ሰዶ መዳሰስ፣ ወይም በባትሪ ማየት ነው። ማጠቡ ከባድ አይደለም። ብሬከሩን ማጥፋት፣ ከዚያ በተራ የአትክልት ጎማ ረጋ ባለ ውሃ ማጠብ፤ ቢቻል ከውስጥ ወደ ውጭ። የመኪና ማጠቢያ መሣሪያ ግን ቅጠሎቹን አጣጥፎ መንገዱን ይዘጋዋል፤ በአንድ ቀን እጥበት የሁለት ዓመት አቧራ ያላደረሰውን ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። በዓመት ሁለት ጊዜ ሙቀቱ ከመክፋቱ በፊት ቢታጠብ፣ እኩለ ቀን ላይ ከሚቆራረጡት ማሽኖች ብዙዎቹ ያለ ምንም ሌላ ሕክምና ይድናሉ ብዬ አምናለሁ።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው፤ ይህን የሚያነሳ ሰው ግን ብዙ አይደለም። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት። በዚያ ከፍታ አየሩ ጅቡቲ ካለው ከ10 በመቶ በላይ ይሳሳል፤ ማራገቢያው ያንኑ ያህል ዞሮ የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል ማለት ነው። ፋብሪካው ካርቶኑ ላይ የጻፈው ቁጥር ለባሕር ጠረፍ አየር የተለካ ነው። የተለካበት ሙቀትም አለ። በዓለም አቀፉ መለኪያ ቲ1 የሚባለው ማሽን አቅሙ የተፈተነው ውጭው 35 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ቲ3 የሚባለው ደግሞ በ46 ዲግሪ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ቲ3 የሚጠይቁት በከንቱ አይደለም። ሰመራ ላይ፣ 430 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በረሃ ውስጥ፣ ቲ1 ማሽን ገጥሞ ቀትር ላይ ቆመብኝ ማለት በማሽኑ መፍረድ ነው። ምልክቱ በውጭው ክፍል ጎን በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሌላ ነው። ቴክኒሻኑ ይደርሳል፣ ጌጁን ይሰካል፣ "እናቴ፣ ጋዝ ጨርሷል፤ እንሙላው" ይላል። ይህን ቃል በጥርጣሬ መስማት ይገባል። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ፋብሪካ የሞላው ጋዝ ማሽኑ እስኪጣል ድረስ ሊዞር ይችላል። ከቀነሰ ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው ሳይደፈን የሚሞላ ጋዝ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ሂሳብ ነው። ስለዚህ መልሱ "የት ነው የሚያፈሰው?" የሚል መሆን አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ቱቦዎቹ ከማሽኑ ጋር በዳዶ የሚታሰሩበት ቦታ ነው፤ የሳሙና አረፋ ሲቀቡት ይፈላል፣ ዙሪያውም የዘይት ወዝ ይታይበታል።

እርግጥ ጋዝ ሲቀንስም ኤሲ ይቆራረጣል። ግፊቱ ስለሚወርድ የውስጡ ኮይል ከዜሮ በታች ይቀዘቅዛል፣ ጤዛው በረዶ ይሆናል፣ አየር ማለፊያው ይዘጋል፤ መከላከያው ያስቆመዋል፤ በረዶው ቀልጦ ግድግዳው ላይ ይንጠባጠባል። ግን ይኸው በረዶ ጋዙ ሙሉ ሆኖ ሳለ ፊልተሩ ስለቆሸሸ ብቻም ይመጣል። በቂ አየር ካላለፈበት ኮይሉ የሚያነሳው ሙቀት ያጣል፤ ያኔም ይበርዳል። እዚህ ነው ስህተቱ የሚደራረበው። ፊልተሩ ቆሽሾ በረዶ ያሠራን ማሽን "ጋዝ አንሶታል" ብሎ መሙላት፣ በነበረው ችግር ላይ የቀትር ችግር ይጨምርበታል፤ ጋዝ የበዛበት ማሽን ፀሐይ ሲበረታ ግፊቱ ከልክ ያልፋልና። ሁለት ሕመም ሆነ ማለት ነው። የውስጡን ክፍል ክዳን ወደ ላይ ከፍቶ ፊልተሩን ማውጣት፣ በቧንቧ ውሃ ማጠብና ጥላ ውስጥ ማድረቅ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። አቧራማ ከተማ ውስጥ በየሁለት ሳምንቱ ቢደረግ አይበዛም።

ዳላስና ሂውስተን ያሉ ወገኖች ደግሞ ወደዚህ ችግር የሚገቡበት የራሳቸው መንገድ አላቸው። ልጆቹ ኮሌጅ ሲሄዱ የማይተኛባቸውን ክፍሎች የአየር መውጫ እየዘጉ "መብራት ቆጠብኩ" ማለት። ማሽኑ ግን የተሠራው ለሁሉም ቀዳዳዎች ነው፤ ግማሹ ሲዘጋበት በኮይሉ ላይ የሚያልፈው አየር ይቀንሳል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ያው በረዶ ነው። አለርጂ ይከላከላል ተብሎ የሚገዛው በጣም ጥቅጥቅ ያለ ፊልተርም ለዚያ ያልተዘጋጀ ማሽን ላይ ሲገባ እንዲሁ ያደርጋል።

ሦስተኛው ዓይነት ሰዓት አይመርጥም፤ ወይም የሚመርጠው የፀሐይን ሳይሆን የምጣድን ሰዓት ነው። ይህ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። አገራችን ውስጥ ቤት የሚገባው መብራት 220 ቮልት መሆን ይገባዋል፤ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲያበራ ግን ይወርዳል። የኮምፕሬሰር ሞተር የማስነሻ ጉልበቱ የሚቀንሰው ከቮልቴጁ በፈጠነ ሁኔታ ነው፤ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ ጉልበቱ በሲሶ ይቀንሳል። የሚሰማው ድምፅ አይሳሳትም። ጠቅ ይላል፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ "እምምም" ብሎ ያቃስታል፣ ጠቅ ብሎ ይተወዋል። ደቂቃዎች ቆይቶ ይደግመዋል። በዚያች ሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ሞተሩ ሳይዞር ከተለመደው አምስት ስድስት እጥፍ የሚሆን ከረንት እየሳበ ነው፤ ገመዱን ቀስ በቀስ የሚያቃጥለውም ይኸው ነው።

ያው ድምፅ ካፓሲተር ሲደክምም ይሰማል። ካፓሲተሩ የጣሳ መጠጥ የሚያክል፣ በውጭው ክፍል ውስጥ ያለ ክብ ዕቃ ነው፤ ሙቀት ስለሚጎዳው ቆላ አገር ቶሎ ያልቃል። ራሱ ያበጠ ከሆነ አብቅቶለታል። ዋጋው ከጋዝ መሙያው በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን መብራት ከጠፋም በኋላ ቻርጅ ይዞ ስለሚቆይ እጅ መስደድ የባለሙያ ሥራ ነው።

መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመጣም አደጋ አለ። ኮምፕሬሰሩ እንደቆመ በአንዱ ወገን ከፍተኛ ግፊት እንደያዘ ነው፤ ያ ግፊት እስኪመጣጠን ሦስት ደቂቃ ያህል ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ለመነሳት ሲሞክር አይችልም። አዳዲስ ኤሲዎች ይህን የሦስት ደቂቃ ትዕግሥት በውስጣቸው ይዘዋል፤ አሮጌ የመስኮት ኤሲ ግን የለውም። ቮልቴጅ የሚያስተካክል ስታብላይዘር የሚገዛ ሰውም ሁለት ነገር ማየት አለበት፤ መብራት ሲመለስ የሚያዘገይ መሆኑንና፣ የማስነሻውን ከረንት የሚችል መጠን ያለው መሆኑን። ለቴሌቪዥን የተገዛ ስታብላይዘር ላይ ኤሲ መሰካት ቮልቴጁን ጭራሽ ያወርደዋል።

ስለ ሂሳቡ አንድ ነገር ላርም። የመነሻው ከረንት ትልቅ ስለሆነ ቆጣሪውን የሚያሽከረክረው እሱ ነው ይባላል። ከረንቱ የሚቆየው ከሰከንድ በታች ስለሆነ ሂሳቡ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ጥቂት ነው። ኪሳራው ሌላ ቦታ ነው፤ ማሽኑ ተነስቶ ግፊቱ እስኪስተካከልና ኮይሉ እስኪበርድ ያለው ጊዜ መብራት ይበላል እንጂ ሙሉ ቅዝቃዜ አይሰጥም። ሦስት ደቂቃ ብቻ የሚሠራ ማሽን ዕድሜውን ሁሉ በዚያ የማሟሟቂያ ጊዜ ውስጥ ይጨርሳል። ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ያለው ዘይትም በየመነሳቱ ከጋዙ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ቱቦው ይወጣል፤ ዞሮ የሚመለሰው ማሽኑ ረዘም ላለ ጊዜ ሲሠራ ነው። ሳይመለስ ከቆመ፣ ቀጣዩ መነሳት በደረቅ ብረት ላይ ይሆናል።

ትልቁን አንዴ ገዝቶ ለሰቀለ ሰውም የሚደረግ አይጠፋም። ሌሊት የመኝታ ቤቱን በር ከፍቶ ለሳሎኑም እንዲደርስ ማድረግ ለማሽኑ በቂ ሥራ ይሰጠዋል፤ ረዘም እያለ ይሠራል። ወበቅ ባለበት አገር ማራገቢያውን ዝቅ ማድረግ፣ ወይም ሪሞቱ ላይ የውሃ ጠብታ ምልክት ያለበትን ቁልፍ መጫን ይረዳል። 16 ዲግሪ ላይ ማድረግ ግን በፍጥነት አያቀዘቅዝም፤ ኢንቨርተር ያልሆነ ማሽን 16 ላይም 25 ላይም የሚሠራው በዚያው አንድ ኃይሉ ነው።

ኢንቨርተሩ ይህን ችግር በአብዛኛው ይፈታል። ኮምፕሬሰሩ አይቆምም፤ ፍጥነቱን እየቀነሰ በዝግታ ይቀጥላል። ሆኖም እሱም ከዚያ በታች ሊወርድ የማይችልበት ወለል አለው። ከወለሉ በታች የሚፈልግ ትንሽ ክፍል ከገጠመው እንደ ማንኛውም ማሽን ይነሳል ይጠፋል። በሰሌዳው ላይ የአንዳንዱ አቅም በሁለት ቁጥር ይጻፋል፤ ትልቁና ትንሹ። ሻጩ የሚያሳየው ትልቁን ነው። ለ12 ሜትር ካሬ መኝታ ቤት የሚገዛ ሰው የሚያነበው ትንሹን ይሁን።